ካርዱ ጠባብ ስለሆነ

ኅዳር 3 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ከሚሴ

ዛሬ ሁለት ሣጥን ደረሰ። አንዱ ከአዲስ አበባ የመጣ መጽሐፍ ነው። ሌላው ደሴ ይነግድ የነበረ አንድ ግሪክ ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ የተወው የሙዚቃ ሸክላ ነው፤ አመልማል ሳታየው ገዝታዋለች። ስንከፍተው ሁሉም የአውሮፓ ኦርኬስትራ ሆነ። አንድም ዘፋኝ የለበትም። «ጥሩ ዕቃ ነው፤ ዶክተሮችና ዳኞች ይወዱታል» አለች። ከሚሴ ውስጥ ስንት ዶክተር እንዳለ አልጠየቅኋትም።

የዚህን ቤት ደንብ ጽፌው አላውቅም። አመልማል የሟች ባለቤቴ እኅት ናት፤ ሱቁን ባሏ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ይዛዋለች። አዲስ ዕቃ ሲገባ ከሠራተኞቿ አንዱ ያነበዋል ወይም ይሰማዋል፤ ከዚያ አስተያየቱን መዳፍ በምታህል ካርድ ላይ ጽፎ፣ ስሙን ከሥሩ አድርጎ በበረንዳው ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል። የደሴና የአዲስ አበባ አውቶቡሶች ለምሳ የሚቆሙት ከፊታችን ነው። ተሳፋሪው ጥርሱን እየጎረጎረ ካርዶቹን ያነባል። አንዳንዱ ይገዛል፣ አንዳንዱ ይስቃል።

ችግሩ ደንቡ ላይ ያከለችው ነገር ነው። ሻጭ የራሱን ዕቃ አይነቅፍም ስለምትል አቀያየረችን። መጽሐፍ የምሸጠው እኔ ስለ ሸክላ እጽፋለሁ፤ ሸክላ የሚሸጠው ሲራጅ ስለ መጽሐፍ ይጽፋል። ግራ ጆሮዬን የማተሚያ መኪናው ጩኸት ከወሰደው ዐሥር ዓመት አልፎታል። ይህንንም ታውቃለች።

የሲራጅ እጅ ጽሑፍ ስለማይነበብ የእሱን ካርዶች አቃንቼ የምገለብጠው እኔ ነኝ። በጋዜጣ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት ይህንኑ ነው፤ የሰው ጽሑፍ ማቃናት።

ከመጽሐፉ ሣጥን ውስጥ ዐሥራ ሁለት ቅጂ የእንየው ልብ ወለድ ወጣ። «የማተሚያ ቤቱ ጎረቤት» ይላል። እንየው በጋዜጣ ቤት ከእኔ ሥር ሠርቷል። አሁን የተቀመጠበት ወንበር የእኔ ነበር። መጽሐፎቹን ደርድሬ ጀርባቸውን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሲራጅ መጥቶ አንድ በአንድ መለሳቸው።

«ጋሼ፣ ስማቸው ካልታየ ማን ይገዛቸዋል?»

ኅዳር 6

የመጀመሪያውን ሸክላ ዛሬ አሰማን። ማጫወቻው የሚሠራው በመኪና ባትሪ ነው፤ ባትሪውን ሜካኒኩ አብደላ ይሞላልናል። ሲራጅ በረንዳው ላይ አወጣው። አንዲት ነጠላዋን የተከናነበች ተሳፋሪ ረጋ ብላ ካዳመጠች በኋላ «እንደው ቃሉ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለች። የአውቶቡሱ ሾፌር ጀይሉ መለሰላት፦ «ሰውዬው ሞተሩን እያሞቀ ነው እኅቴ፣ ገና አልተነሣም።» በረንዳው በሙሉ ሳቀ።

ካርዴን ቶሎ ጻፍኩ። «ፈጣንና ደስ የሚል። እንደ ፈረስ ግልቢያ ነው። ለሠርግም ይሆናል። — ዋለ»። ሲራጅ አነበበው፤ ማጫወቻውን አየ፤ እኔን አየኝ። ከዚያ ወስዶ ለጠፈው።

ከኮምቦልቻ የመጡ አንድ ሰው ለልጃቸው ሠርግ እንዲቀመጥላቸው አዘው ሄዱ። አመልማል ደስ አላት።

ኅዳር 8

ጀይሉ ከአዲስ አበባ ሲመለስ የእንየውን መጽሐፍ ከተሳፋሪዎች አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ እንደመጣ ነገረኝ። «ቀይ እርሳስ የያዘ አንድ አዘጋጅ አለበት፤ የሰው ጽሑፍ ሲቆርጥ የሚውል። ወላሂ ከደብረ ሲና እስከዚህ ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ መጣን።»

ቀይ እርሳስ።

አንድ ጊዜ የእንየውን ጽሑፍ ከግማሽ በላይ ቆርጬበት ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አልቅሷል። ያኔ ሃያ ዓመትም አልሞላውም። ያንን ጽፎት ይሆናል። ይጻፈው።

ኅዳር 12

የሲራጅ አባት አብዱልጀሊል ከጨፋ ሮቢት መጡ። «አካም ጅርቱ» ብለው ከገቡ በኋላ በትራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ሰው የማያከብሩ አይደሉም፤ ግን ነገር አያለባብሱም።

«ልጄ እዚህ ምን ይሠራል?»

«መጽሐፍ ያነባል፣ ሸክላ ይሸጣል» አልኳቸው።

«ሁለቱም ቁጭ ተብሎ ነው?»

«ቁጭ ተብሎ ነው።»

«እኔ ደግሞ ቆሜ አረጀሁ።»

ታላቅየው ልጅ ወታደር ቤት ስለገባ ከብቱን ወደ ሰንበቴ ገበያ የሚነዳላቸው የለም። ለሲራጅ ቀን ቆርጠውለታል። ዒድ ድረስ በወር ደመወዝ የሚኖርበት የመንግሥት ሥራ ካገኘ መርቀው ይተዉታል፤ ካላገኘ ከዒድ ማግስት ጀምሮ ከብት ይነግዳል።

«አብሽሩ አባቴ፣ ኢንሻአላህ ይገኛል» አለ ሲራጅ።

«ኢልመኮ፣ ልጄ፣ አብሽር ስትለኝ እኮ ይኸው ማሽላው ሁለት ጊዜ ታጨደ።»

ሲራጅ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ማታ ማታ የራሱን ነገር እንደሚጽፍ አውቃለሁ። አሳይቶኝ አያውቅም፤ እኔም አሳየኝ አላልኩትም።

ኅዳር 16

ሲራጅ የእንየውን መጽሐፍ ጨረሰ። አስተያየቱን አንድ ቅጠል ወረቀት ሙሉ ጽፎ ጀርባውንም ሞልቶታል። መጀመሪያው ቀጥተኛ ነው፤ ወደ መጨረሻው ደብዳቤ ይሆናል። አለቀስኩ ይላል። ስለዚያ አዘጋጅ ብቻ አንድ ትልቅ አንቀጽ አለው፤ ያንን ሳልጨርስ አለፍኩት።

በካርዱ ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦

«የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ገጾች ይጎተታሉ። ስሞች ይበዛሉ። ትዕግሥት ላለው ሰው ነው። — ሲራጅ»

ከእነዚህ ቃላት አንዱም የእኔ አይደለም። ሁሉም እሱ የጻፋቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ የቀረውስ?» አለኝ ሲያየው።

«ካርዱ ጠባብ ነው።»

«በሁለት ካርድ አይሆንም?»

«ለማንም ሁለት ካርድ ተሰጥቶ አያውቅም።»

«ይሁን፤ እርስዎ ያውቃሉ» ብሎ ራሱ ወስዶ ለጠፈው። ቅጠሉን ሻይ የምታፈላው ሴትዮ እሳት ለኮሰችበት። እኔ አልሰጠኋትም። ምድጃው አጠገብ ነበር የተቀመጠው።

ኅዳር 17

ማሳጠር ጥፋት አይደለም። አንባቢ ቆሞ ነው የሚያነበው።

ኅዳር 21

አመልማል እየሮጠች ገባች። ደሴ ላይ የሕዝብ ንባብ ቤት ሊከፈት ነው፤ መጽሐፉን የሚይዝ፣ ለሰውም የሚመርጥ አንድ ሠራተኛ ይፈለጋል፤ ደመወዙ የመንግሥት ነው። ሰው እንዲመርጥ የተወከለው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እንየው። በጥር ወደ ደሴ ሲያልፍ እዚህ ምሳ ይበላል። ስለ ሲራጅ ጽፋለታለች።

«ምን ብለሽ ጻፍሽለት?»

«አላወደስኩትም። ሰው የራሱን ሠራተኛ ሲያወድስ ማን ያምነዋል? አስተያየቱን ሰሌዳችን ላይ ያነቡታል፣ ራስዎ ይፍረዱ አልኩ።»

ሲራጅ ይህን ሲሰማ ሸክላውን ይዞ እንደቆመ ቀረ። ከዚያ ሰሌዳውን አየ፤ ቀጥሎ እኔን። ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጋሼ ያስተካክሉታል ማለት ነው።

አስተካክለዋለሁ። ጥር ሩቅ ነው።

ኅዳር 28

ይህን በዝርዝር ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ፣ ሱቁ ባዶ ሲሆን፣ ሲራጅ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ሰው ሳይመጣ አንድ ነገር ላሳይዎት» አለኝ። ለሠርግ ይሆናል ያልኩትን ሸክላ አውጥቶ አስቀመጠው። ማጫወቻው ጎን ላይ የፍጥነት መቀያየሪያ አለ፤ እሱን በጣቱ አንድ እርከን ዝቅ አደረገው። ትናንሽ ሸክላዎች የሚዞሩበት ፍጥነት ላይ ቆይቷል፤ ትልልቆቹ ቀስ ብለው ነው የሚዞሩት።

ያው ሸክላ ነው። ግን ሌላ ነገር ሆነ። ከባድ ነገር የተሸከሙ ብዙ ሰዎች ዳገት የሚወጡ ይመስላል፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል። ጤነኛውን ጆሮዬን አስጠጋሁ። ባለቤቴ የተቀበረችበት ቀን ትዝ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሲራጅ መስኮቱን እያየ ቆየ።

ሲያልቅ ሽፋኑን አየሁት። በፈረንሳይኛ «ለሙታን መታሰቢያ» ይላል። ፈረንሳይኛ አነባለሁ። ያን ቀን አላየሁትም።

«የኮምቦልቻው ሰውዬ!» አልኩ።

«ትናንት መጥተው ነበር። የተሻለ መጣ ብዬ ሌላውን ሰጠኋቸው፤ ያንን የዋሽንቱን። ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት።»

ካርዴ ከሰሌዳው ላይ ተነሥቷል። ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ከእሱ ጋር አንድ ባዶ ካርድ። «እትዬ አላዩም» አለ።

አዲሱን ጻፍኩ፦ «ቀስ ብሎ የሚሰማ። ለብቻ። — ዋለ»። ጀይሉ ሲያልፍ አንብቦት «ባለፈው ፈረስ ነበር፤ ዛሬ በቅሎ ሆነ?» አለኝ። ሲራጅ ቀድሞ መለሰለት፦ «ሸክላው ሌላ ነው አንተ፤ መጀመሪያ ማንበብ ተማር።»

ወዲያው የእሱን ካርድ ልለውጥለት ፈለግሁ። ሌላ ባዶ ካርድ አልነበረም። አመልማል ካርቶን ስትቆርጥ እለውጠዋለሁ።

ታኅሣሥ 4

ያለ ጊዜው ዝናብ። የታጨደው ማሽላ ማሳ ላይ ረጥቧል፤ ጨፋ በሙሉ ተጨንቋል። አመልማል ካርቶን ቆርጣለች። ሥራ በዛብኝ።

ታኅሣሥ 7

አንድ አስተማሪ የእንየውን መጽሐፍ አንሥቶ ካርዱን አየና መለሰው። «ትዕግሥት የለኝም» ብሎ ሳቀ። ዐሥራ አንድ ቅጂ አለ። ከዐሥራ ሁለቱ የጎደለው ሲራጅ ያነበበው ነው።

ታኅሣሥ 13

ወባ። ሦስተኛ ቀኔ ነው። ሲራጅ ክኒን አምጥቶልኝ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠ። መጽሐፉን ላንብብልዎት አለኝ። ራሴን ያመኛል አልኩት። እውነትም ያመኝ ነበር።

ታኅሣሥ 15

የቀረውን ብጽፍለት ምን ብዬ እጽፈዋለሁ? ቅጠሉ የለም። አንቀጹን አልጨረስኩትም። እንደገና ጻፍልኝ ልለው ነው? ለምን ብሎ ቢጠይቀኝስ?

አይጠይቀኝም። ችግሩ ይኸው ነው።

ታኅሣሥ 23

እንየው ጥር 5 ቀን እንደሚያልፍ ላከ። አመልማል ሰሌዳውን አስወለወለች። ካርዶቹን አውርዳ አቧራቸውን ጠርጋ መለሰቻቸው። የሲራጅን ይዛ ቆየች። «እንደው ይህቺ አላጠረችም?» አለችኝ።

«አጭር ነው ጥሩ» አልኳት።

«አንተ ታውቃለህ።»

ሁሉም እኔ እንደማውቅ ይነግሩኛል።

ታኅሣሥ 27

ረመዳን ገባ። እኛም ገና የነቢያትን ጾም ይዘናል። ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ማንም አልገዛም ብላ ስታጉረመርም ዋለች። ሲራጅ ከሰዓት በኋላ ከንፈሩ ይደርቃል፤ እንዲያም ሆኖ ሸክላ ማሰማቱን አልተወም። ኦርኬስትራው ለጾም ጥሩ ነው አለኝ፤ የሚያስርብ ነገር የለበትም።

ነገ ካርዱን እለውጠዋለሁ።

ጥር 4

ነገ ይመጣል። ካርድ አለ። ቀለምም አለ። ተቀምጬ «ይህ መጽሐፍ» ብዬ ጀመርኩ። ያላነበብኩት መጽሐፍ ነው። በሰው ስም ምን ብዬ ልመስክር? ይህ እኮ ማታለል ይሆናል። ተውኩት።

ጥር 5

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ላንድሮቨር ቆመ። መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። ደብተሮቹን መደርደር ነበረብኝ። መጋዘኑን ከሱቁ የሚለየው መጋረጃ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ይሰማል።

«ወይዘሮ አመልማል፣ እንደምን ዋሉ?» ድምፁ ወፍሯል።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግቡ፣ ግቡ።»

«ጋሽ ዋለ የሉም እንዴ?»

«አሁን እኮ እዚህ ነበር። ዋለ! አንተ ዋለ!»

መጋረጃው በግራ ጆሮዬ በኩል ነበር።

«እባክዎ አይቸገሩ፤ ቆይቼ አገኛቸዋለሁ። ልጁ የታለ?»

«ይኸውልዎ። ሲራጅ ይባላል። እኔ ምንም አልናገርም፤ ሰሌዳው ያውልዎ።»

እርምጃው ወደ በረንዳው ተሰማ። ሰሌዳው ፊት ቆሞ ሲያነብ ይታየኛል። እንየው ሲያነብ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ይህን ልማድ ላስተወው ብዬ ብዙ ደክሜአለሁ። ከዚያ ሳቀ።

«"ስሞች ይበዛሉ።" እውነት ነው፤ ይበዛሉ። ለመሆኑ ጨርሰኸዋል?»

«ጨርሻለሁ ጌታዬ።»

«ሁሉንም?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ሁለት ጊዜ አንብበህ የምትለው ይኸው ብቻ ነው?»

ደብተሮቹን ይዤ ቆሜአለሁ። አሁን ሲራጅ ይናገራል አልኩ። መናገር መብቱ ነው፤ ቢናገር ወጥቼ አዎ እላለሁ፤ ይህን በሙሉ ልቤ አስቤ ነበር። ብቻ እሱ መጀመር ነበረበት።

«ካርዱ ጠባብ ስለሆነ ነው፣ ጌታዬ» አለ።

አባባሉ የእኔ ነው። ድምፁም ያኔ የእኔን ይመስል ነበር።

እንየው ሲናገር በቁጣ አልነበረም። «ስማኝ ወንድሜ፤ መጽሐፌን ስላላወደስክ አይደለም። የምፈልገው ሰው የእኔን መጽሐፍ ሊጠላው ይችላል። ግን አንድ ነገር የወደደ ሰው መሆን አለበት። የወደደ ሰው ደግሞ መናገሪያ ቦታ አያጣም፤ ኅዳጉም ላይ ቢሆን ይጽፈዋል።»

ምሳውን በልቶ ተመለሰ፤ እኔ አሁንም መጋዘን ነበርኩ። ለአመልማል «ጋሽ ዋለን ሰላም በሉልኝ። መጽሐፉን አንብበውት ይሆን?» አላት።

«ኧረ እሱ ያላነበበው ምን አለ!» አለችው።

መኪናው ሲሄድ ወጣሁ። ሲራጅ ሸክላ እያጸዳ ነበር፤ ሰላምታውን ያደረሰልኝ እሱ ነው።

ጥር 7

አመልማል ሲራጅን በፊቴ ወረደችበት። «ምነው አንተ ልጅ! ስንት ነገር ስታወራ እየዋልክ ለመጻፍ ሲሆን ሦስት መስመር? እኔ አላየሁህም እንዴ አቅፈኸው ስትዞር? አፍህን ምን ያዘው?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው እትዬ።»

«እንዴታ! የማን ሊሆን ኖሯል?»

እኔ መጽሐፍ እየደረደርኩ ነበር።

ጥር 14

ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። አመልማል መልእክቱን ቆማ አነበበችው፤ ካነበበችም በኋላ አልተቀመጠችም። «በል እንግዲህ» አለች ብቻ። ሲራጅ «አልሀምዱሊላህ» አለ።

የሚያመሰግነው ምኑን ነው?

ጥር 20

ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ሲራጅ ማፍጠሪያ ተምሩን ወረቀት ላይ አድርጎ ደጃፉ ላይ ሲጠብቅ፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሌላ ሰው አልነበረም።

«ለምን አልነገርከውም?» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«የቆረጥኩት እኔ እንደሆንኩ።»

«እንግዳ ፊት ትልቅ ሰው ላዋርድ?»

«እኔ እኮ እዚያ አልነበርኩም።»

ተምሩን እያየ «ጋሼ፣ መጋረጃው አጭር ነው» አለ። «ጫማዎ ይታይ ነበር።»

ወደ ጫማዬ አየሁ።

«አመልማል አይታለች?»

«እትዬ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር። እንግዳው ግን ያዩ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ ወደዚያ አይተው ቶሎ ዞር አሉ።»

አዛን ተሰማ። ቢስሚላህ ብሎ አንድ ተምር ወሰደ፤ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ። ወሰድኩ።

«መጽሐፉን አላነበቡትም አይደል?» አለ።

«የሚበቃኝን ያህል አውቀዋለሁ።»

«ስላላነበቡት ነው እኮ። ቢያነቡት አይቆርጡትም ነበር።»

ተቆጣሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለሚናገር ሰው መልስ አለኝ አልኩት። መልሱ ምን እንደነበር አሁን አላስታውስም።

ጥር 26

ዒድ። ሲራጅ ነጭ ለብሶ መጣ፤ ከቤታቸው የተላከ ምግብ ይዟል። ምንም ያልሆነ ይመስል ሰላም አለኝ።

ጥር 27

አብዱልጀሊል ሊወስዱት መጡ። ከሱቁ የሚወስደው የራሱ ዕቃ አንድ ከረጢት አይሞላም። የእንየውን መጽሐፍ፣ ያነበበውን፣ አመልማል በስጦታ ሰጠችው። ሸክላም ምረጥ አለችው፤ «ለሙታን» የሚለውን መረጠ። «ማጫወቻ የት አለህና?» አለችው። «በኋላ ይገኛል» አለ።

አባትየው ወደ እኔ መጡ። በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ።

«ሲራጅ ነግሮኛል። ጽሑፉን የሚያቃኑለት እርስዎ ነዎት አሉ። ሥራው ባይገኝም ልጄን አስተምረውታል፤ አላህ ይስጥልኝ።»

«አሜን» አልኩ።

ሲራጅ ከአባቱ ኋላ ቆሞ ነበር። ስጨባበጠው ጎንበስ ብሎ በጤነኛው ጆሮዬ በኩል «አውፍ ይበሉኝ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። ሁልጊዜም በዚያ በኩል ነው የሚያናግረኝ።

የካቲት 1

ሰው የለም። ማጫወቻውን መክፈት ረሳሁ። ጀይሉ «ልጁ የታለ?» ሲለኝ «ሰንበቴ» አልኩት። «ለምን?» «ከብት ሊነግድ።» «እሱ? ዋጋውን ሳይጠይቅ የበሬውን ታሪክ ሊጠይቅ ነው እኮ!» ብሎ ብቻውን ሳቀ። ከዚያ አልሳቀም።

የካቲት 6

ከትናንት ጀምሮ የእንየውን መጽሐፍ ሳነብ ቆየሁ። ዛሬ ጨረስኩት።

የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ገጾች ይጎተታሉ። ስሞች ይበዛሉ።

አዘጋጁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀይ እርሳሱ ጆሮው ላይ ተሰክቷል፤ እርሳሱን እየፈለገ ቢሮውን ሲያምስ የሚያስቅ ነገር አለው፤ ተሳፋሪዎቹ የሳቁት እዚህ ጋ ነው። አንድ ወጣት ስለ እናቱ ጽፎ ያመጣለታል፤ አዘጋጁ ከግማሽ በላይ ይቆርጠዋል። ወጣቱ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል።

እዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። አላበቃም። በሳምንቱ ወጣቱ ጋዜጣውን ሲገልጥ የተቆረጠው ግማሽ ለብቻው፣ በራሱ ስም፣ በሙሉ ዓምድ ወጥቶ ያገኘዋል። አዘጋጁ ቁራጩን መሳቢያው ውስጥ አኑሮት ኖሯል። ለዚያ ቦታ ለማግኘት የራሱን ጽሑፍ አንሥቷል። ወጣቱ ሊያመሰግነው ሲገባ አዘጋጁ ቀና ሳይል «ለጥሩ ነገር ቦታ ይገኛል» ይለዋል።

እውነት ነው። አድርጌዋለሁ። ረስቼው ነበር። እንየው አልረሳውም፤ ሲራጅም ያንን አንብቦ ነው ስለ አዘጋጁ አንድ አንቀጽ ሙሉ የጻፈው፤ የማን ነገር እንደሆነም ሳያውቀው አልቀረም። እኔ አንቀጹን ሳልጨርሰው አለፍኩት።

የካቲት 7

ለአመልማል ነገርኳት። ሁሉንም አይደለም። ካርዱን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ አልኳት። መጋረጃውን አልነገርኳትም።

«እኅቴ አንተን ትታልኝ የሄደችው እንድትጦረኝ መስሎኝ ነበር» አለች። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ሄዳ የሲራጅን ካርድ ነቀለች፤ ባዶ ካርድ ከመሳቢያ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

«ስለ ሁለቱም ዕቃ ከእንግዲህ አንተ ትጽፋለህ። በዚህ ጀምር።»

የካቲት 8

ጠዋት ሙሉ ካርዱ ፊቴ ነበር። እንየው ስለጻፈው አዘጋጅ ልጽፍ አሰብኩ፤ ራሴን ማወደስ ሆነብኝ። የሲራጅን አንቀጽ ላስታውስ ሞከርኩ፤ ያነበብኩት «እኔ ከሁሉ በላይ የወደድኩት» እስከሚለው ድረስ ብቻ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ አውቶቡሱ መጣ፤ አመልማል ቆማ ትጠብቃለች። ጻፍኩና ለጠፍኩት፦

«ጥሩ መጽሐፍ ነው። — ዋለ»

ከካርዱ ከግማሽ በላይ ባዶ ቀረ።